ስማችንን ማን ጻፈው? የሲቪ ታሪክ ከወናጎ

ወናጎ ላይ ሲቪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጸሐፊዋ የቆየ ፋይል ትከፍታለች፣ የሌላ ሰው ስም ታጠፋለች፣ ያንተን ትተካለች። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫና የሚቋቋም» የምትለዋን መስመር ግን ማንም አይነካትም። የጓደኞቼን ሲቪ ደርድሬ ሳነብ አንድ ሰው አሥር ጊዜ የተመረቀ ይመስለኛል። ነገሩ ያስቃል፤ ከጀርባው ግን ረጅም ታሪክ አለ፦ ስለ እኛ የሚጽፈው ማነው?

ከወረቀት በፊትም ሰው ራሱን ያስተዋውቅ ነበር። የደጋው ፎካሪ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ ይጠራል። አብረውት የዋሉት እዚያው ቆመው ስለሚሰሙ ያልሠራውን ቢጨምር ይታወቅበታል። ጣሊያናዊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤ አርቅቆ ነበር። ብዙዎች የመጀመሪያው ሲቪ ይሉታል። ገዥው የሚያስጨንቀው ጦርነት ስለሆነ ሊዮናርዶ ድልድይና መድፍ መሥራት እንደሚችል አስቀደመ፤ ሥዕሉን መጨረሻ ላይ አመጣው።

ጌዴኦ ውስጥ ታሪኩ ሌላ ነው። በባለርስት ዘመን የገበሬው ስም ወረቀት ላይ ከሰፈረ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ የሚጻፈውም የሚያውቀው ሳይሆን ያለበት ዕዳ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ ገበሬዎች የተነሱት ይህንኑ ሥርዓት ተቃውመው ነበር። በየካቲት 1967 የመሬት አዋጁ ወጣ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ቆየት ብሎ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ሆነ። በጣት አሻራ ይፈርም የነበረ ሰው ስሙን በገዛ እጁ መጻፍ ጀመረ።

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ምደባ ነው የሚጠብቀው። ማመልከቻ ካስፈለገም ራፖር ጸሐፊ አለ። ከ1983 በኋላ ለአብዛኛው ተመራቂ ምደባው ቀርቶ ውድድር መጣ። ዲላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ኮሌጅ በ2006 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተመራቂው በዛ፣ ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ወጣ፣ ራፖር ጸሐፊውም ወንበሩን ለፎቶ ኮፒ ቤት ለቀቀ። ስማችንን መጻፍ ችለን ታሪካችንን መልሰን ለሌላ እጅ ሰጠን ማለት ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ሲቪው ላይ የሚቀረው ነገር ነው። ቡናን፣ እንሰትንና ዛፍን አንድ ላይ የሚያሳድገውን የጌዴኦ መልክዓ ምድር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እዚያው ማሳ ላይ ያደገው ልጅ ግን «የሥራ ልምድ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ «የለኝም» ብሎ ያልፋል። ኧረ ተው! በቡና ወቅት ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ቆመህ እሸት ቡና መዝግበህ አልነበር? እንግዲያውስ «ታታሪ» የሚለውን አውጥተህ ይህን ጻፍ፦ «በሁለት የምርት ወቅት የዕለት ርክክብ መዝግቤያለሁ፣ የገበሬዎችን ክፍያ በኤክሴል አስልቻለሁ።» ፎካሪውም ያደረገው ይኸንን ነው፤ ጀግና ነኝ ብሎ ብቻ አላለፈም፣ የዋለበትን ቦታ ጠራ።

ከሊዮናርዶ ደግሞ ቅደም ተከተል እንማር። ማስታወቂያው የሚጠይቀው ነገር ከላይ ይምጣ፤ ለባንክ የላኩትን ለግብርና ድርጅት መላክ አይሠራም። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ይበቃል። ካልተጠየቀ በቀር ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ቦታ አይያዙ። ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ በሶፍትዌር ስለሚያጣሩ በሠንጠረዥና በጌጥ የተሞላ ገጽ ሊያደናግረው ይችላል። ምስክር የምታደርጓቸውን ሰዎች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ሲቪ ሥራ አይፈጥርም። ለአንድ ቦታ ሦስት መቶ ሰው ካመለከተ ጥሩ የጻፈም ይቀራል። ቢሆንም አያቶቻችን ዕዳቸው ብቻ በተጻፈበት አገር የምናውቀውን በራሳችን ቃል ማስፈር ቀላል ነገር አይደለም።