"ኦልዞው" ካለ "በት" ምን ይሠራል?

መዘዞ እኔ ጋ የተማራችሁ ይቺን አትረሷትም፦ "ኦልዞው ሂ ኢዝ ፑር፣ በት ሂ ኢዝ ሃፒ።" "በት" ትውጣ፤ እንግሊዝኛ አንዷ ትበቃዋለች። እኛ ግን "ድሃ ቢሆንም ግን ደስተኛ ነው" እያልን ነው ያደግነው፣ ማንም አርሞን አያውቅም።

"አይ አም አግሪ"ም እንደዚያው ናት። "እስማማለሁ" ጫፏ ላይ "አለሁ" አለች፤ ልጁ እሷን "አም" አደረጋት። ትክክሉ "አይ አግሪ" ነው። ይሄን ስንፍና የሚሉት አይገባኝም፤ ልጁ አማርኛውን ጠንቅቆ ስላወቀ ነው።

ሁለቱን ሰዋስው ፊት ለፊት ማስቀመጥ እዚሁ አገራችን ታሪክ አለው። ሚሲዮናዊው ኢዘንበርግ በ1839 እ.ኤ.አ. ከክራፍ ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጣ፣ አንኮበርም ተቀመጠ። በ1842 የአማርኛን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ጽፎ ለንደን ላይ አሳተመ። ሰውየው ጀርመን ነው እንግዲህ፣ ሁለቱም የእናቱ ቋንቋ አይደሉም!

እኛ ጋ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ ፈረንሳይኛን ተክቶ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንደኛ ደረጃው ወደ አማርኛ ሲዞር ሁለተኛ ደረጃው እዚያው ቀረ። ዛሬም ባዮሎጂውን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው የሚወድቅ ስንት ልጅ አለ!

"በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ክልክል ነው" የሚሉኝ አሉ። እኔ ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ "በት"ን ልጆቹ ራሳቸው ያጠፏታል።

እስቲ እናንተ፦ "ማይ ብራዘር ሂ ኬም" ውስጥ ትርፏ የቷ ናት? ፍንጭ ልስጣችሁ፣ "መጣ" ስንል "እሱ" ውስጡ አለ። ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።