ንጋት ያልፈታው ጸሎት

ጠጋ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ጥድፊያ አይወድም። ነገሩ የሆነው በኔዘርላንድስ፣ በዘ ሄግ ከተማ ነው፤ ጊዜውም በፈረንጆቹ ኦክቶበር 26 ቀን 2018፣ ቅጠሉ የሚረግፍበት፣ ጀንበሯም ገና በጊዜ የምትጠልቅበት ወራት ነበር።

በዚያች ከተማ፣ በመኖሪያ ሰፈር መካከል፣ ቤቴል የምትባል ትንሽ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አለች። እዚያ አንድ የአርመን ቤተሰብ ተጠግቶ ነበር፤ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች። አርመን ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ በፈረንጆቹ 1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ አዲስ አበባ ገብተው የቤተ መንግሥቱን ሙዚቃ የተጫወቱትን፣ «አርባ ልጆች» እያልን እስከ ዛሬ እናነሳቸዋለን። ወደ ዘ ሄግ ስንመለስ፣ የዚህ ቤተሰብ አባት በፖለቲካ ምክንያት የግድያ ዛቻ ደርሶበት ከአገሩ ወጣ፣ ኔዘርላንድስ ገብቶም ጥገኝነት ጠየቀ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ፈረደለት፣ መንግሥት ይግባኝ አለ፣ እንዲህ ሲባል ሲባል ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ሆነ። ልጆቹ ባገሬው ቋንቋ ተምረው አደጉ፣ ትልቋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አገሩን ልቀቁ ተባሉ።

የአገሪቱ ሕግ ግን አንዲት በር ትቶ ኖሯል፤ ጸሎት በሚካሄድበት ሰዓት ፖሊስ ወደ ጸሎት ቤት አይገባም። እንግዲህ ጸሎቱ ካላበቃ ፖሊሱም አይገባም ማለት ነው። አገልጋዮቹ ይህን ይዘው ከቀትር በኋላ ጀመሩ፣ ቀኑ መሸ፣ ጸሎቱ ቀጠለ፣ ነጋ፣ አሁንም ቀጠለ። ማኅሌት የቆመ ሰው ሌሊት ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል፤ ይህኛው ግን ንጋትም የማይፈታው ሆነ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል፣ ያም ሲደክመው ሌላው። የቤቴል ሰዎች ብቻቸውን ቢሆኑ ሳምንትም ባልዘለቁት ነበር፤ ነገር ግን ወሬው ተሰማና ወደ ሃያ ከሚጠጉ የእምነት ክፍሎች በመቶ የሚቆጠሩ አገልጋዮች ተራ እየያዙ መጡ።

ከነሱ ስለ አንዷ ልንገራችሁ። አምስተርዳም ባለው ቤተ ክርስቲያኗ ያደረሰችውን ሥርዓት በወረቀት አትማ፣ የወረቀቱን ክምር ጎማ ባለው ሻንጣ ከትታ፣ እየጎተተች ዘ ሄግ መጣች፣ ከዚያም ያንኑ ሥርዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና አደረሰችው። መዝሙሩ ያው፣ ምንባቡ ያው ነው። አምስተርዳም ላይ ግን አሜን ሲባል ሰው ኮቱን ደርቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እዚህ አሜን ተብሎ ዝም ቢባል አምስት ነፍስ ልትያዝ ትችል ነበር። እኔ እንደሚገባኝ እንግዳን ስለ መቀበል የሚነበበው ቃል በሙሉ ክብደቱ የተነበበው እዚያ ነው።

የገና በዓል ጸሎቱ ሳይቋረጥ ዋለ፣ አዲሱ ዓመትም ገባ። ነገሩ ከአምስቱ ሰዎች አልፎ የአገር ጉዳይ ሆነ፤ በአገሪቱ እንደነሱ ለዓመታት የቆዩና ወረቀት የሌላቸው ብዙ ልጆች ነበሩና። ከዚያም ጃንዋሪ 29 ቀን 2019 የጥምር መንግሥቱ ፓርቲዎች ተስማሙ፤ የ700 ያህል ልጆች ጉዳይ እንደገና ይታይ ተባለ። በማግስቱ፣ 96 ቀን ከዘለቀ በኋላ፣ ጸሎቱ ተዘጋ። ቆይቶም ቤተሰቡ የመኖሪያ ፈቃዱን አገኘ።

ተረኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ ግን ስምምነቱ ሌላም ገጽ አለው። ለዓመታት ለቆዩ ልጆች የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው «የልጆች ምሕረት» የተባለው ደንብ ለወደፊቱ እንዲቀር ተወሰነ፤ በተባበሩት መንግሥታት በኩል በየዓመቱ ከውጭ አገር መጠለያ ወደ ኔዘርላንድስ የሚወሰዱት ስደተኞች ቁጥርም ከ750 ወደ 500 ወረደ። ይህን ዋጋ የቆረጡት ፖለቲከኞቹ ናቸው፤ ሌሊቱን በሙሉ የቆሙት አገልጋዮች አይደሉም። ለልጆቹ የተደረገው ምሕረት የሚገባ ምሕረት ነው፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል። የሌሎቹን ቦታ ቀንሶ ማካካስ ግን ፍርድ ማጉደል ነው፤ እነዚያ በየዓመቱ የሚቀሩት 250 ሰዎች መጠለያቸው ውስጥ ሆነው ወረፋቸውን ሲጠብቁ፣ ስለ እነሱ በዘ ሄግ እንዲህ ያለ ጸሎት አልቆመም።