ድንጋዮቹን ያስነቀለው ሰው

በአቴና ዙሪያ ባለው በአቲካ ምድር፣ ማሳዎች ላይ የድንጋይ ምልክቶች ተተክለው ነበር። ድንጋይ የቆመበት መሬት በዕዳ የተያዘ ነው። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት የ6ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ሲሆን፣ አቴና በባለጸጎችና በባለዕዳዎች ጠብ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ድሃው ሲበደር መያዣው መሬቱ ብቻ አልነበረም፤ ራሱም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም ነበሩ። መክፈል ያቃተው ለባርነት ይሸጣል።

በ594 ሶሎን አርኮን፣ ማለትም የከተማዋ ቀዳሚ ሹም ሆኖ ተመረጠ፤ ሁለቱን ወገኖች እንዲያስታርቅም አደራ ተሰጠው። ዕዳውን ሰረዘ፣ ድንጋዮቹን አስነቀለ፤ ከእንግዲህ የሰው ገላ የብድር መያዣ አይሆንም ብሎም ደነገገ። አቴናውያን ይህን «ሴይሳክቴያ» አሉት፤ ሸክምን አራግፎ መጣል ማለት ነው።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ሶሎን ራሱ በግጥሙ የተናገረው ነገር ነው። በባዕድ አገር ተሸጠው የነበሩትን ሲያስመልስ፣ አንዳንዶቹ ከመንከራተት ብዛት የአቲካን ቋንቋ ረስተው ነበር። እስቲ አስቡት! ነጻ ወጥቶ ደጁ የደረሰ ሰው እናቱን የሚያናግርበት ቃል ሲያጣ። ዕዳው ተሰርዞለታል፤ አንደበቱን ግን ማን ይመልስለት?

ከሕጎቹ መካከል አርስቶትል ወይም ከተማሪዎቹ አንዱ እንደጻፈው በሚታመን መጽሐፍ ተለይቶ የተነሳ አንድ ድንጋጌ አለ። መጽሐፉ በግብፅ በተገኘ ፓፒረስ ላይ ተጠብቆ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ታትሟል። ድንጋጌው የተበደለው ሰው ብቻ ሳይሆን፣ የፈቀደ ዜጋ ሁሉ ስለ ተበደለው መክሰስ ይችላል ይላል። አቅመ ቢሱ ጉልበተኛን ለመክሰስ ቢፈራ ጎረቤቱ ይቆምለታል። በእኔ እምነት ከዕዳው ስረዛ ይልቅ ታላቁ የሶሎን ሥራ ይህ ነው፤ የአንዱን በደል የሁሉም ጉዳይ አድርጎታልና።

ፍትሑ ግን ለሁሉም አልደረሰም። ሹመት በሀብት ደረጃ ተደለደለ፤ ከሌላ አገር የመጡ ባሮችም በባርነት ቀሩ። መሬት ይከፋፈልልን ያሉ ድሆች አዘኑበት፣ ያበደሩትን ያጡ ባለጸጎች ቂም ያዙበት። ሕጉን ለውጥ እያሉ እንዳያስጨንቁት ለ10 ዓመት አገሩን ትቶ ወጣ።

ሕጎቹ በእንጨት ላይ ተጽፈው አቴና ቀሩ። ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ ጸሐፊው ፕሉታርክ ወደ ከተማዋ ሲመጣ፣ የእንጨቱ ስብርባሪ ገና ተጠብቆ ነበር።