ለአንድ ትዕይንት የተፈጠረው መኮንን

ሌቭ ቶልስቶይ በ1860 እ.ኤ.አ. ብዕሩን ሲያነሣ ያቀደው ስለ ናፖሊዮን ጦርነት ለመጻፍ አልነበረም። የልቦለዱ ባለታሪክ በ1825 በዛሩ መንግሥት ላይ ካመፁት አንዱ ሆኖ፣ በ1856 ከሳይቤሪያ ግዞት ከነቤተሰቡ የሚመለስ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌውን ለመረዳት ግን ጐልማሳነቱን፣ ጐልማሳነቱንም ለመረዳት የ1812 ወጣትነቱን መመርመር ግድ ሆነበት፤ ሽንፈቱን ዘልሎ ድሉን ብቻ መተረክም ስላሳፈረው እስከ 1805 ወደ ኋላ ሄደ። «ጦርነትና ሰላም» የተወለደው ከዚህ ጕዞ ነው።

ልዑል አንድሬ በመጀመሪያ የተፈጠረው በአውስተርሊትዝ ጦር ሜዳ እንዲወድቅ ብቻ ነበር። ደራሲው በ1865 በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ ለዚያ ትዕይንት የሚሞት ብሩህ ወጣት አስፈልጎት ነበር፤ እየቀረበው ሲሄድ ግን አዘነለትና ሞቱን በቁስል ለወጠለት። አንድሬ ባይተርፍ ኖሮ ከናታሻ ጋር ባልተገናኘ፣ የቦሮዲኖም ምዕራፎች ግማሽ ነፍሳቸውን ባጡ ነበር። ቶልስቶይ የቦሮዲኖን ሜዳ ሄዶ የመረመረው ከደብዳቤው ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1867 ነው።

ትጋቱ ሁልጊዜ አልሠመረለትም። ከ1870 ወዲህ ስለ ታላቁ ጴጥሮስ ዘመን ብዙ መዛግብት አገላብጦ መክፈቻውን ደጋግሞ ጻፈ፤ የዚያን ዘመን ሰዎች የዕለት ኑሮ በሕሊናው ማየት ስላቃተው ግን ተወው። በዚሁ መካከል በ1872 ለሕፃናት የፊደል መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1873 «አና ካሬኒና»ን ጀመረ። የ1825ቱን ዐመፀኞችም በ1870ዎቹ መጨረሻ እንደገና አነሣቸው። ያ ከሳይቤሪያ የሚመለሰው ሽማግሌ ግን ከጥቂት ምዕራፎች አልፎ አልሄደም።