የአሮጌ ፒክአፕ የፋብሪካ ማንነት ማጣራት

አሮጌ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደተገጠመለትና በማን እጅ እንዳለፈ የሚታወቀው ከብረቱም ከወረቀቱም ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ጋራዦችም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የቶዮታ ላንድክሩዘር 45 ተከታታይ ነው።

መነሻው የሻንሲ ቁጥር ነው፤ ከፊት በቀኝ በኩል ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ተቀርጿል። ኮፈኑ ሲከፈት ከጋቢናው ግድግዳ ላይ የሚታየው ሰሌዳ ደግሞ ሞዴሉን ይናገራል። ኤፍጄ45 ቤንዚን፣ ኤችጄ45 ናፍጣ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው ኤል የግራ መሪን፣ ፒ ፒክአፕነትን ያመለክታል። ሰሌዳ ግን ሊነቀል ይችላል፤ ከሻንሲው ጋር ሳይመሳከር አይታመንም።

ሞተሩ ብዙ ያወዛግባል። የቀድሞው ኤፍ ሞተር 3.9 ሊትር ሲሆን በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በ4.2 ሊትሩ 2ኤፍ ተተካ። ስለዚህ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠራ መኪና ላይ 2ኤፍ ከተገኘ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ የቶዮታ ስለሆነ ብቻ የዚያው መኪና የመጀመሪያ ዕቃ አይሆንም። መኪናው በኋላ ሌላ ቀለም ተቀብቶም ቢሆን የፋብሪካው ቀለም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሳይነካ ሊገኝ ይችላል።

ከወረቀት ሊብሬና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይታያሉ። የተጻፈው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መለየት ግድ ነው፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አንድን ሞዴል ሌላ ያስመስላል። የመሪው ቦታም ፍንጭ ነው፤ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የተሸጋገረችው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ነውና፤ ሆኖም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።