የሕፃናት የእጅ ሥራና ጨዋታ በቡታጅራ ዙሪያ

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከዘቢዳር ተራራ በስተ ምሥራቅ፥ የጉራጌ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ መውረድ በሚጀምርበት ሥፍራ የምትገኝ ከተማ ናት። በከተማዪቱና በዙሪያዋ የመስቃን፥ የማረቆ፥ የስልጤና የሶዶ ሕዝብ ይኖራል። ደጋው የእንሰት አገር ሲሆን ዝቅ ያለው ምድር በበቆሎና በበርበሬ የታወቀ ነው። ስለዚህ አገር እርሻ፥ ስለ ቤቱ አሠራርና ስለ ሽማግሌዎቹ ዳኝነት ብዙ ተጽፏል። ትንሹ ልጅ በእጁ ምን ይሠራ እንደ ነበር ግን የመረመረ ጥቂት ነው።

ለዚህም ምክንያት አለው። ልጅ ከጭቃ የሠራው በሬ እሳት አላየምና የመጀመሪያው ዝናም ያፈርሰዋል፤ ለቤተ መዘክር የሚተርፍ ነገር የለም። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1935 መጽሐፍ አሳትሟል፤ ነገር ግን የሰበሰበው በአመዛኙ ከሰሜኑ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው የዊልያም ሻክ ሰፊ ጥናት በምዕራብ በኩል ስላለው ስለ ቸሃ የተጻፈ ሆኖ ዓይኑ በዐዋቂዎች ላይ ነው። የጉራጌን መንደር ልጅ አስተዳደግ ከውስጥ ሆኖ ለማየት የሚሻ ሰው፥ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ ጽፎት፥ በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ የወጣውን የሽኔጋን መንደር ታሪክ ቢያነብ ከብዙ የጥናት ጽሑፍ የበለጠ ይረዳዋል።

ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ከወንዝ ዳር የሚያገኘው የመጀመሪያው መሣሪያ ጭቃ ነው። በጭቃው ላም፥ በሬና ጥጃ ይሠራል። የሚሠራውም እንዲያው በግምት አይደለም፤ ሻኛውን ከትከሻው ላይ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያወጣል፥ ቀንዱን በመዳፉ አድቦልቡሎ ያሾላል፥ እግሮቹም ሥጋውን እንዲሸከሙ አሳጥሮ ያወፍራቸዋል። ጭቃው ውኃ ከበዛበት በሬው ይተኛል፤ ከደረቀም ቀንዱ ይሰበራል። ይህን መጠን ልጁ የሚማረው ከጣቱ ነው፤ ነጋሪ የለውም። ጀርመናዊው ፍሬበል እ.ኤ.አ. በ1837 ባቋቋመው ቤት ለሕፃናት ከመደባቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ ይኸው ጭቃን መቅረጽ ነበር። ልዩነቱ፥ በዚያ ጭቃው የሚቀርበው በአስተማሪ ሲሆን በዚህ ግን ከብቶቹ ውኃ በሚጠጡበት ዳር ልጁ ራሱ የሚያገኘው መሆኑ ነው።

የሴት ልጅ እጅ በሌላ መንገድ ይሠለጥናል። እናትዋ እንሰት ስትፍቅ አጠገብ ተቀምጣ የቀርከሃውን መፋቂያ አያያዝ ታያለች፤ ከፍቂው የሚቀረው ቃጫም ለመግመድ የሚመች ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙ ዘመን የሚፈጀው ስፌት ነው። በአክርማና በስንደዶ፥ ቀለም በተነከረም አለላ የሚሠራው ይህ ሙያ የሚጀመረው በልጅነት፥ ከታላላቆቹ በተረፈ ሣር ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው መነሻው ነው። የመጀመሪያው ዙር ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ በወስፌ ወግቶ፥ ሣሩን ሳይደርቅ አሾልኮ፥ ሳይበጠስም አጥብቆ መሳብ ይጠይቃል። መነሻው የላላ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዙር ሁሉ ይጣመማልና፥ ልጅቱ ደጋግማ ትፈታለች፤ ደጋግማም ትጀምራለች። ይህንን ጨዋታ ብቻ ወይም ሥራ ብቻ ብሎ መጥራት አይቻልም፤ ተመልካች የሚያበጀው ክፍፍል በልጅቱ ዘንድ የለም።

ጠጠር ለሁለቱም የጋራ ነው። በቅልልቦሽ አንዱ ጠጠር ከአየር ሳይወርድ የቀሩትን ከመሬት መልቀም ዓይንና ጣትን በአንድነት ያዛምዳል። መሬት ተቆፍሮ የሚጫወቱት ገበጣ ደግሞ ቍጥርን ይጨምርበታል፤ ዓይነቱ በኢትዮጵያ ውስጥ ምን ያህል እንደ በዛ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ዘርዝሮ አሳይቷል።

የዚህ ሁሉ ታሪክ የሚከብደው ልጁ ሲያድግ ነው። የገበሬው ልጅ በጭቃ ሲጫወት ማንም አይከለክለውም። ዐድጎ በዚያው ጭቃ ምጣድ ወይም እንስራ ቢሠራ ግን ከወገኖቹ እንደ ወጣ ይቈጠር ነበር። በጉራጌ አገር እንጨት የሚጠርቡትና የቤት ምሰሶ የሚያቆሙት፥ ሴቶቻቸውም ሸክላ የሚሠሩት ሰዎች ፉጋ ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ስሙ ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚሰማ ብዙዎች አይወዱትም። ሻክ እንደ ጻፈው፥ በቸሃ አገር እነዚህ ሰዎች መሬት ከማረስ የተከለከሉ፥ በጋብቻም የተለዩ ነበሩ። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍም እንዲህ ያለው መገለል በደቡብ አገሮች ሁሉ የተዘረጋ እንደ ነበር ይታያል። እንግዲህ ሁለት ልጆች በአንድ ወንዝ ዳር በአንድ ዓይነት ጭቃ ቢጫወቱ፥ ለአንዱ ጨዋታው በጊዜው የሚቀር ሲሆን ለሌላው ግን የዕድሜ ልክ እንጀራና ስድብ መጀመሪያ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ዐዋጁ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ልማዱ ከዐዋጁ ዕድሜ በላይ ቈይቷል። ስፌት ከዚህ ነቀፌታ ነፃ መሆኑም የሚያስገርም ነው፤ ሣር የምትሰፋ ሴት ባለ ሙያ ተብላ ስትመሰገን ሸክላ የምትሠራዪቱ ትናቅ ነበር።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአገሩ ሰው ማኅበር አቁሞ ገንዘብ በማዋጣት ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያልፈውን መንገድ ለማሠራት ተነሣ። መኪና በማይታይበት አገር የሽቦ መኪና አይሠራም። ልጁ ሽቦውን አጥፎ አካሉን ያበጃል፥ ከቆርኪ ወይም ከአሮጌ ጫማ ጎማ እግር ያወጣለታል፥ በረጅም ሽቦም መሪ ያደርግለታል። ኳሱ ከጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ይሁን እንጂ የሽቦውን መኪና ያስተማረው መንገድ ልጁንም ወደ አዲስ አበባ ወሰደው። ከጉራጌ የመጣው ልጅ ከጣሊያንኛ በተወረሰው ስም ሊስትሮ ተብሎ፥ ሣጥኑንና ብሩሹን ይዞ ገና በልጅነቱ እንጀራውን መፈለግ ጀመረ። የሊስትሮ ሣጥን ራሱ ብዙ ጊዜ በልጆች እጅ የተመታ፥ ያገለገለ ጣውላ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

መንግሥት የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ብሔራዊ ፖሊሲ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የዜሮ ክፍል ተስፋፍቷል። ለዚህ ዕድሜ ከሚመከሩት ሥራዎች ጭቃ መቅረጽ፥ ጠጠር መቍጠርና ሣር መሸረብ ይገኙበታል። በቡታጅራ ዙሪያ ለእነዚህ ሥራዎች የሚሆን ነገር ከገበያ አይገዛም፤ የሚያስተምሩትም እጆች ሩቅ አይደሉም። ሸክላ ሠሪዪቱን ከክፍሉ ውስጥ አስገብቶ፥ የገበሬውም የእርስዋም ልጅ እያዩ በልጆቹ መካከል እንድትቀመጥ ማድረግ ግን ከጭቃው ይልቅ የሚያስቸግር ሥራ ነው፤ ፖሊሲውም የሚፈተነው ከዚያ ላይ ነው።