እጅን የሚገፋ መሪ፦ የፎርስ ፊድባክ ጆይስቲክ ታሪክ

በአቪዬሽን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የአውሮፕላን መሪ ከክንፉና ከጭራው ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች ጋር የሚገናኘው በብረት ገመድና በዘንግ ብቻ ስለነበር፣ አብራሪው መሪውን በሳበ ቁጥር ሰሌዳውን የሚመታው ነፋስ በዚያው ገመድ ተመልሶ እጁን ይጎትተው ነበር። በሰሌዳው ላይ የሚያርፈው የነፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ በመሆኑ፣ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን በእጥፍ ሲጨምር ሰሌዳውን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ወርዶ ክንፉ መሸከም ሊያቅተው ሲቃረብ ደግሞ መሪው ይላላል፣ ይንቀጠቀጣልም። ፎርስ ፊድባክ የሚባለው ጆይስቲክ፣ ማለትም በውስጡ በተተከሉ ሞተሮች የተጠቃሚውን እጅ መልሶ የሚገፋው መሪ፣ የተሠራው ይህን የእጅ ዕውቀት ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ለሚበር ሰው ለማድረስ ነው። መሣሪያው ከገበያ ለብዙ ዓመታት የጠፋው ሥራውን መሥራት አቅቶት ሳይሆን ንግዱም ሕጉም ስላልተመቹት መሆኑን ታሪኩ በግልጽ ያሳያል።

የመሪ ክብደት የአውሮፕላን ጠባይ አካል መሆኑን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀው የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ዜሮ በሚገባ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1942 በአላስካ በአኩታን ደሴት የወደቀ አንድ ዜሮ በአሜሪካውያን እጅ ገብቶና ተጠግኖ በሳን ዲየጎ በረራ ሲፈተሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት እጅግ ቀልጣፋ የነበረው አውሮፕላን ፍጥነቱ ሲጨምር የክንፉ ጫፍ ሰሌዳዎች ስለሚከብዱ ወደ ጎን ለመገልበጥ እንደሚዘገይ ተረጋገጠ። ይህን ጠባይ በሞላ ብቻ በሚሠራ ተራ ጆይስቲክ ማሳየት አይቻልም፤ ሞላው አውሮፕላኑ ቢቆምም ቢበርም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ኃይል ስለሚገፋ፣ የዜሮ ድካም በስክሪን ላይ ቢታይም እጅ ግን አያውቀውም።

ከዚህም የሚብሰው የትሪም ጉዳይ ነው። ትሪም አብራሪው መሪውን ያለማቋረጥ እንዳይስብ ወይም እንዳይገፋ፣ መሪው ያለ ግፊት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያዛውር ዘዴ ሲሆን፣ በሞላ ጆይስቲክ ግን ማረፊያው ምንጊዜም መሐሉ ብቻ ነው። ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ተጫዋቾች ጭንቀት ብቻ አለመሆኑን የኢትዮጵያ ሕዝብ በመሪር ሐዘን ያውቀዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ባለቁበት አደጋ፣ ራስ-ሠር ሥርዓቱ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋ አብራሪዎቹ የትሪሙን ኤሌክትሪክ ቆርጠው የትሪሙን መንኮራኩር በእጅ ለማዞር ሞክረው አልሆነላቸውም፤ በዚያ ፍጥነት ጭራውን የያዘው የነፋስ ኃይል ለእጅ የሚበገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ቦይንግ የ737 ማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል እንደማያስመስል አምኖ እርማት ማድረጉን አስታወቀ፤ በወቅቱ እንደተዘገበው ከጉድለቶቹ አንዱ ይኸው መንኮራኩር የሚጠይቀውን የእጅ ኃይል የሚመለከት ነበር። የእጅን ግፊት በትክክል ማስመሰል የጌጥ ጉዳይ ነው የሚል ሰው ይህን ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም።

የበረራ ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን መሬት ላይ አስመስሎ የሚያሠለጥን መሣሪያ፣ ከጅምሩ ለሰውነት የሚሠራ ነበር። ኤድዊን ሊንክ በኒውዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ፣ በአባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ተምሮ ባደገው ጥበብ፣ በ1929 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሠራው ማሠልጠኛ የሚወዛወዘው ኦርጋን በሚነፋበት ዓይነት ወናፍ ነበር። የቤት ኮምፒውተር በረራ ግን የተጀመረው ለዓይን ብቻ ነው። ብሩስ አርትዊክ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአፕል 2 ያዘጋጀው፣ በ1982ም በማይክሮሶፍት ስም ለአይቢኤም ኮምፒውተር የወጣው ፍላይት ሲሙሌተር፣ ጥቂት መስመሮችን በስክሪን ላይ እየሣለ አድማስን ከማሳየት ያለፈ አቅም አልነበረውም።

ለእጅ የሚሆነው ጥበብ የመጣው ከአቪዬሽን ሳይሆን ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሬይመንድ ጎርትስና ባልደረቦቹ ጨረር ያለበትን ቁስ ከግድግዳ ባሻገር የሚያነሳ ክንድ ሲሠሩ፣ ሠራተኛው የሚያነሳው ዕቃ ምን ያህል እንደሚከብድና መቼ ከግድግዳ ጋር እንደሚጋጭ በእጁ እንዲሰማው አደረጉ፤ በ1950ዎቹም ይህንኑ በኤሌክትሪክ ሞተር ሠሩት። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ብሩክስ የመራው፣ በ1967 የተጀመረው የምርምር ሥራ ደግሞ ከአርጎን የተገኘ ክንድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ ተመራማሪዎች በሞለኪውሎች መካከል ያለውን መሳሳብና መገፋፋት እንዲዳስሱ አስቻለ። ከዚህ በኋላ የቀረው ዋጋውን ማውረድ ነበር። ከስታንፎርድ የወጣው ሉዊስ ሮዘንበርግ በ1993 ኢመርሽን የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ በ1996ም የካሊፎርኒያው ሲኤች ፕሮዳክትስ በኢመርሽን ፈቃድ ፎርስ ኤፍኤክስ የተባለውን ጆይስቲክ ለሸማች አቀረበ።

በዓመቱ የወጣው የማይክሮሶፍት ሳይድዋይንደር ፎርስ ፊድባክ ፕሮ ቀረብ ብሎ ሊታይ የሚገባው ዕቃ ነው። በመሠረቱ ውስጥ ሁለት ሞተሮች ነበሩት፤ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል። የዘመኑ የጆይስቲክ ሶኬት መረጃ ከጆይስቲክ ወደ ኮምፒውተር ለማምጣት እንጂ ትእዛዝ ለመመለስ የታሰበ ስላልነበር፣ መሐንዲሶቹ በዚያው ሶኬት ላይ ለሙዚቃ መሣሪያ የተተወውን ሚዲ የሚባል መስመር ተጠቅመው የግፊቱን ትእዛዝ አሳለፉበት። ኮምፒውተሩም እያንዳንዱን ንዝረት በየቅጽበቱ አይልክም ነበር፤ የኃይሉን ዓይነት፣ መጠንና አቅጣጫ ብቻ ነግሮት፣ ሞላ መምሰሉን፣ መጎተቱንም መንዘሩንም በጆይስቲኩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፕሮሰሰር ራሱ ያከናውነው ነበር። በእጀታው ላይ ደግሞ የብርሃን ሴንሰር ስለነበረ፣ መዳፍ ሲሸፍነው ሞተሮቹ ነፍስ ይዘራሉ፣ እጅ ሲነሳ ግን መሪው ወዲያው ይዝላል፤ ብዙ ባለቤቶች ሴንሰሩን በፕላስተር ሸፍነው ኃይሉ ሁልጊዜ እንዲኖር ያደርጉ ነበር። የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 98ም ይህን ግፊት የሚያውቅ ሆኖ በመውጣቱ፣ አንድ ተራ ሰው የሴስናን መሪ ክብደት በመኝታ ቤቱ ሊሰማው ቻለ።

ይህ ዘመን ግን አልዘለቀም። ኢመርሽን በ2002 ማይክሮሶፍትንና ሶኒን በፓተንት፣ ማለትም በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ከሰሰ፤ ማይክሮሶፍት በ2003 በ26 ሚሊዮን ዶላር ክርክሩን ሲዘጋ፣ ሶኒ እስከ 2007 ተሟገተ። ማይክሮሶፍት የሳይድዋይንደርን ምርት ያቆመውም በዚያው በ2003 ነው። ብዙ የሲሙሌተር ወዳጆች ጥፋቱን ሁሉ በፓተንቱ ላይ ይጥላሉ፤ ይሁንና ፓተንቱ ያልከለከለው ሎጂቴክ ፈቃድ ገዝቶ በ2009 ጂ940 የተባለውን መሪ እስከማውጣት ደርሶ ሳለ እርሱም ተከታይ አላበጀለትም። ዋነኛው ምክንያት የገዢ ማነስ ይመስላል፤ ከ1997 ጀምሮ በጌም መቆጣጠሪያዎች ውስጥ የገባው ርካሽ ነዛሪ ሞተር፣ እጅን ከማንቀጥቀጥ በቀር ምንም ሳይገፋ፣ የብዙኃኑን ፍላጎት አርክቶት ነበርና። አንዳንድ ፕሮግራም አዘጋጆችም ዕቃው ሲጠፋ ድጋፋቸውን አነሱ፤ በ2020 በታላቅ ውበት የወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ገፊ ጆይስቲክን በራሱ የማያውቅ ሆኖ መምጣቱ ለባለሙያዎቹ የማይመጥን ጉድለት ነበር።

ጥበቡን ከመረሳት ያዳኑት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛዎቹ አሮጌውን ሳይድዋይንደር በትንሽ ማይክሮኮንትሮለር አማካይነት ከዩኤስቢ ጋር እያገናኙ፣ የደከመ ሞተሩን እየቀየሩ ያቆዩት ወዳጆች ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ የመኪና ውድድር ተጫዋቾች ናቸው፤ ገፊ የመኪና መሪ ገበያው ስላልተቋረጠ ሞተሮቹ ከዓመት ዓመት እየጠነከሩና እየለሰለሱ ሄዱ። በዚህ መንገድ በመኪና መሪ የታወቀው የቻይናው ሞዛ በ2024 ወደ በረራ መሪ ተሻግሯል፤ የስዊዘርላንዱ ብሩነርና አነስተኛ አምራቾች ደግሞ ከእርሱ ቀድመው መስኩን ይዘውት ነበር።

ዋጋው ግን ከተራ ጆይስቲክ ብዙ እጥፍ በመሆኑ፣ ገዢው በቅድሚያ የሚበረውን አውሮፕላን ሊያስብ ይገባል። ኤርባስ ኤ320 በእውነቱም መሪው በሞላ የሚመለስ ስለሆነ፣ የኤፍ-16 መሪም ከሞላ ጎደል የማይንቀሳቀስና የእጅን ግፊት ብቻ የሚለካ ስለሆነ፣ ለእነዚህ ተራው ጆይስቲክ ይበቃል። ሴስናን፣ የጦርነት ዘመን ተዋጊዎችን ወይም ሄሊኮፕተርን በትክክል ማወቅ ለሚሻ ሰው ግን ከስክሪኑ በፊት ሊገዛ የሚገባው ገፊውን መሪ ነው።